ዋስ የሌለው ዘበኛ

ባለፈው ወር አንድ አባት ለሕክምና ሙቭመንት ፓስ አውጥተው ከካኩማ ናይሮቢ ገቡና እኔ ወዳለሁበት ወደ ኪሊማኒ ብቅ አሉ። ያያ ሴንተር አካባቢ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀጣጥረን፣ ገና ቡናው ሳይቀዳ፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተቋጠረች ፍላሽ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ አንተ ኮምፒውተር ትነካካለህ አሉኝ። እስቲ ይቺን እይልኝ፤ ፋይሌ ሁሉ ቀስት አወጣ» አሉኝ።

ቀስት ማለታቸው ወዲያው ገባኝ። ፍላሿ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ የቀስት ምልክት ያለባቸው ሾርትከት ሆነዋል ማለታቸው ነው። ሲከፍቱት አይከፈትም፤ ቢከፈትም ሌላ ነገር ያመጣል። ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሹን ሰክቶ፣ አንዲት ገጽ አሳትሞ ሲወጣ ይዞት የሚወጣው በሽታ ነው። እሳቸውም እንዲሁ ነው የያዛቸው።

ፍላሿ ውስጥ ያለው ግን የስደት ዘመናቸው ሁሉ ነው። ስካን የተደረገ ማንዴት፣ የልጃቸው የሐኪም ወረቀት፣ ዓመታት ያስቆጠረው የፕሮሰስ ደብዳቤ፣ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ። ከተማ ውስጥ ያገኙት አንድ ፉንዲ «ፋይሉን ቫይረስ በልቶታል፤ 3,000 ሽልንግ አምጡና አንቲቫይረስ ገዝቼ እመልስልዎታለሁ» ብሏቸዋል። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልግዛ ወይስ ይቅር? ብገዛስ የትኛው ነው ደህናው?»

በመጀመሪያ የፍላሿን ጉዳይ ልጨርስ። ፋይሎቹን ማንም አልበላቸውም። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በምትኩ የራሱን ሾርትከት ያስቀምጣል፤ አንተ ፎልደር የከፈትክ መስሎህ ስትጫን የምታስነሳው እሱን ነው። ላፕቶፔ ላይ ያለው አንቲቫይረስ ሾርትከቶቹን ለቅሞ ሲያጠፋቸው ፍላሿ ባዶ መሰለችና ሽማግሌው «በቃ አለቀ!» ብለው ግንባራቸውን ያዙ። ብዙ ሰው «አንቲቫይረሱ ፋይሌን በላው» ብሎ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን የዊንዶውስ ምርጫ ስናበራ፣ ቀጥሎም የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ስናጠፋ፣ ሁሉም በየቦታው ቁጭ ብሏል። ወደ ላፕቶፑ ገለበጥናቸው፣ ፍላሿን ፎርማት አደረግናት፣ መልሰን ጫንናቸው። ቡናው ገና ሁለተኛው አልደረሰም ነበር። 3,000ውም ሽልንግ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ።

ጥያቄያቸው ግን አልቀረም፤ ከእሳቸው በፊትም ስንቱ ጠይቆኛል። ስለዚህ የመሰለኝን በዚህ ገጽ ልጽፍ ተነሣሁ።

እኔ የምለው፣ አንቲቫይረስ ማለት ዘበኛ ነው። ሀገር ቤት ሳለን ዘበኛ የሚቀጥር ሰው ጉልበቱን ወይም ደመወዙን ብቻ አይቶ አይቀጥርም፤ «ዋስ አለህ ወይ?» ይላል። ለምን ቢሉ፣ ሌባው የሚገባው አጥር ዘሎ ነው፤ ዘበኛው ግን ቁልፉን ይዞ፣ አንተ ተኝተህ እሱ ነቅቶ የሚያድር ነው። አንቲቫይረስም እንደዚያው ነው። ማንኛውንም ፋይል ሊከፍት፣ ሊያነብ፣ ሊሰርዝ ሥልጣን የሰጠነው ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለውን ሥልጣን ለማን እንደምንሰጥ ሳንጠይቅ፣ «የትኛው ቫይረስ በብዛት ይገድላል?» ብቻ እያልን ስንከራከር እንውላለን። ዋናው ጥያቄ ዋሱ ማነው የሚለው ነው።

ይህን የምለው ከሰው በልጬ አይደለም። ኪሊማኒ መኖርም መራቀቅ አይደለም። እውነት ነው፣ አይሀብ የሚባለው የወጣት ኮምፒውተረኞች መሰብሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው እዚሁ ንጎንግ ሮድ ላይ ነው፤ በዚሁ መንገድ እየተመላለስኩ ነው እኔ ደግሞ የተሞኘሁት። ናይሮቢ በገባሁ ሰሞን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁና መሀል ከተማ ካለች አንዲት ሱቅ «ሙሉ ነው፣ ክራክ አለው» የተባለ አንቲቫይረስ በ300 ሽልንግ ወሰድኩ። መመሪያው ምን ይላል? «ክራኩን ከመጫንህ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን መከላከያ አጥፋ።» አጠፋሁ። አስቡት እንግዲህ፤ ዘበኛ ልቀጥር ውሻዬን አስሬ በሩን ከፈትኩለት ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ በእኔ ኢሜይልና በእኔ ፌስቡክ ስም «ታምሜያለሁ፣ ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል መልእክት ለወዳጅ ዘመድ ተሠራጨ። አሜሪካ ያሉት ደውለው አጣሩ። ካኩማ ያለ አብሮ አደጌ ግን ስልኬ ስላልሠራለት፣ አላስችል ብሎት፣ ከባለ ሱቅ ተበድሮ 4,000 ሽልንግ በኤም ፔሳ ላከ። ገንዘቡ እኔ ጋ አልደረሰም። እኔ ቀስ እያልኩ መለስኩለት እንጂ፣ ከራሽኑ ቆጥቦ ዕዳ የከፈለባቸውን ወራት ማን ይመልስለታል? «ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም» የሚባለው ለዚህ ነው። የተሰረቀ አንቲቫይረስ ከሌባ ቤት የተቀጠረ ዘበኛ ነው። «ድሃ ነን፣ ከየት አምጥተን እንግዛ?» ለምትሉኝ መልስ አለኝ፤ እመጣበታለሁ።

እንግዲህ ዋሱን እንዴት እንጠይቅ? እኔ አራት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛው፦ ማነው የላከህ? ኢንተርኔት ላይ ስትዘዋወር ድንገት ቀይ መስኮት ብቅ ብሎ «ኮምፒውተርህ 37 ቫይረስ አለበት፣ አሁኑኑ ይህን ተጫን» ካለህ፣ እሱ ዘበኛ አይደለም፤ ራሱ ሌባው ነው። ይህ የቆየ ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍ ቲ ሲ የሚባለው፣ እንዲህ ባለ የማስፈራሪያ ማስታወቂያ የውሸት አንቲቫይረስ የሚሸጡ ሰዎችን ከሶ ነበር። ኮሚሽኑ እንዳለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተታሎ ገዝቷል። ያልነበረን በሽታ እያሳዩ ያልሆነ መድኃኒት መሸጥ ማለት ነው። ስለዚህ ራሱ በር እያንኳኳ የሚመጣ አንቲቫይረስ አይቀጠርም። የምትፈልገውን ከሠሪው ከራሱ ድረ ገጽ ሄደህ አምጣ፤ ከጓደኛ ፍላሽ፣ ከቴሌግራም ግሩፕ አይሁን።

ሁለተኛው፦ በምን ትተዳደራለህ? ነጻ የሚባል ነገር ስናይ ደስ ይለናል፤ ስደተኛ ነንና አያስወቅሰንም። ነገር ግን ያለ ደመወዝ የሚያድር ዘበኛ እንጀራውን ከየት ነው የሚበላው? አቫስት የሚባለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከፕራግ የመጣ፣ ነጻው በዓለም ሁሉ የተሠራጨ ነው። በጥር 2020 ጋዜጠኞች አንድ ጉድ አወጡ፤ ኩባንያው ደንበኞቹ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኙ የሚያሳየውን መረጃ እየሰበሰበ ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል ይሸጥ ነበር። ጃምፕሾት በዚያው ወር ተዘጋ። በየካቲት 2024 ደግሞ ኤፍ ቲ ሲ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። አቫስት ቫይረስ አይዝም አላልኩም፤ ይይዛል። ዘበኛው ሌባውን እያባረረ፣ ማን መጣ ማን ሄደ የሚለውን መዝግቦ ለጎረቤት ይሸጥ ነበር ነው ያልኩት። የትኛውን ድረ ገጽ እንደምታነብ መታወቁ ለሌላው ሰው ዋጋው የማስታወቂያ ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሀገሩ በፖለቲካ ለተሰደደ ሰው ግን ከዚያ በላይ ነው።

ሦስተኛው፦ ነገ ጥለኸኝ ብትሄድስ? ናይሮቢ ሱቆች ውስጥ ካስፐርስኪ የሚል ካርቶን ተደርድሮ ያላየ የለም። የሩሲያ ኩባንያ ነው፤ ቫይረስ በመያዝ በኩል በየፈተናው ጥሩ ውጤት ያመጣ ነው። በሰኔ 2024 የአሜሪካ መንግሥት ለደኅንነቴ ያሰጋኛል ብሎ በአገሩ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ከመስከረም 29 ቀን 2024 በኋላ ማሻሻያ መላክም ተከለከለ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለውም። እገዳው የአሜሪካ እንጂ የኬንያ አይደለም፤ የኃያላኑን ክርክር እዚህ ልንፈታው አንችልም። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አሜሪካ ያሉ ብዙ ደንበኞች በዚያው መስከረም አንድ ቀን ጠዋት ሲነሡ ካስፐርስኪያቸው ጠፍቶ በቦታው አልትራ ኤቪ የሚባል ጨርሶ የማያውቁት ፕሮግራም ተተክቶ አገኙት። ዘበኛው ሌሊት ሄዶ የማታውቀውን ዘመዱን በረንዳህ ላይ አስቀምጦልህ! ስለዚህ የሁለት ዓመት፣ የሦስት ዓመት ቅድሚያ ክፍያ ስትከፍል ይህን አስብ። ስደተኛ ከዓመት በኋላ የት እንደሚሆን ራሱም አያውቅ።

አራተኛው፦ ቀለብህ ስንት ነው? ለካምፕ ሰው ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ማንም ግን አይጠይቀውም። አንቲቫይረስ በአብዛኛው የሚያውቀው የተነገረውን ሌባ ነው። አዲስ ቫይረስ በየቀኑ ይሠራል፤ ስለዚህ የሌቦቹ ስም ዝርዝር በየጊዜው ካልደረሰው ዓይኑ እያየ ሊያሳልፋቸው ይችላል። አፕዴት የምንለው ይሄው ዝርዝር ነው፤ የዘበኛው ቀለብ ማለት ነው። ካምፕ ውስጥ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ግን መጨረሻ የተቀለበው ከስምንት ወር፣ ከዓመት በፊት የሆነ አንቲቫይረስ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ምልክቱ አረንጓዴ ሆኖ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ባለቤቱ «አንቲቫይረስ አለኝ» ብሎ ይተኛል። ፋይሉ ከተበላሸ በኋላ ተሯሩጦ አፕዴት ያደርጋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

እንግዲህ «ታዲያ የትኛውን እንምረጥ?» ወደሚለው ልምጣ። እኔ የምመርጠውን በግልጽ እናገራለሁ፤ የማይስማማ ይጻፍ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ሰው ምንም አይግዛ። ዘበኛው ቤቱ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ዲፌንደር ይባላል፤ ከእ.ኤ.አ. 2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ሙሉ አንቲቫይረስ ነው። የእኛ ልማድ የተተከለው በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነው። ያኔ ኮምፒውተር ሲገዛ አንቲቫይረስ አልነበረውም፤ ስለዚህ «ፎርማት ካደረግህ በኋላ መጀመሪያ አንቲቫይረስ ጫን» የሚለው ትምህርት እንደ ሃይማኖት ያዘን። ዘመኑ ተለወጠ፣ እኛ አልተለወጥንም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነው።

«አብሮ የመጣ ነገር ምን ይረባል?» የሚለኝ ይኖራል። መጀመሪያ ሰሞን እውነት ነበር፤ በፈተና ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ጀርመን አገር ማግደቡርግ ያለው ኤቪ ቴስት እና ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የሚባሉት መርማሪዎች በየጊዜው አንቲቫይረሶችን ቫይረስ ለቀውባቸው ይፈትናሉ፤ ውጤቱንም ለማንም በነጻ ያሳያሉ። ካለፉት በርካታ ዓመታት ወዲህ ዲፌንደር ከታወቁት ባለ ክፍያዎች ጎን ተሰልፎ ሲያልፍ አይተናል። እንዲያውም «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው እዚህ ላይ ይሠራል። ማይክሮሶፍትን ቀድሞውኑ አምነን ወይም ሳንወድ በግድ ዊንዶውሱን ተቀብለናል፤ አንቲቫይረሱ ሌላ አዲስ ዋስ አይጠይቅብንም። «ከየት አምጥተን እንግዛ?» ላላችሁኝም መልሴ ይሄው ነው፤ መግዛት አያስፈልግም።

ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ይለቃል። ያ የተጫነው ጊዜው ካለፈበት ወይም ክራኩ ከተበላሸ፣ ቤቱ ያለ ብርቱ ዘበኛ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ የማይሠራውን አሮጌ አንቲቫይረስ ከኮምፒውተሩ አውጥታችሁ ዲፌንደር መብራቱን አረጋግጡ። «ለጥንቃቄ» ብላችሁም ሁለት አንቲቫይረስ ጎን ለጎን አትጫኑ፤ እርስ በርሳቸው እየተጠራጠሩ ማሽኑን ያንገዳግዱታል።

ሌላው የማሽኑ ዕድሜ ነው። በእርዳታ የመጡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አሮጌ ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚያደርገውን ጥበቃ በጥር 2020 አቁሟል፤ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ጥበቃም በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የዲፌንደር የሌቦች ዝርዝር ግን ለዊንዶውስ 10 እስከ 2028 እንደሚላክ ኩባንያው አስታውቋል። ይህ ደግ ነው፤ ሆኖም ዘበኛው ቢነቃም ግድግዳው መሰነጣጠቁን አትርሱ። ዊንዶውስ 7 ባለበት ማሽን ላይ ማንዴቱን፣ የፕሮሰስ ወረቀቱን አስቀምጦ ኢንተርኔት የሚከፍት ሰው እባካችሁ ዛሬውኑ ይተው። የሚያውቅ ልጅ ካለ ሊኑክስ ይጫንበት፤ ነጻ ነው፣ በፍላሽ የሚዞሩት የዊንዶውስ ቫይረሶችም አይሠሩበትም።

ቀለቡስ? «ዳታ ውድ ነው» ትሉኛላችሁ፤ አውቃለሁ። የዲፌንደርን ሙሉ ዝርዝር ማይክሮሶፍት በአንድ ፋይል አድርጎ ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጠዋል። ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው፤ ግን አንድ ሰው አንዴ ካወረደው በፍላሽ ለሃያ ኮምፒውተር ይበቃል፤ ኢንተርኔት የሌለውም ማሽን ይቀለባል። ስለዚህ ሐሳብ አለኝ፤ የኮሚኒቲ ኮሚቴዎችም ቢያነቡት እወዳለሁ። በየብሎኩ አንድ ወጣት ይመደብ፤ ሳምንት በሳምንት ይህን ፋይል ያውርድና ለዚሁ ብቻ በተመደበች ፍላሽ ይዙር። የዳታውን ዋጋ ፎቶ ኮፒ ቤቶችና ቪዲዮ ቤቶች ያዋጡ። በየግድግዳቸውም «አንቲቫይረሳችን የታደሰው በዚህ ቀን ነው» የሚል ወረቀት ይለጥፉ። እኛም ወረቀቱን አይተን እንሰካ፤ ከሌለ ወይም ቀኑ ከቆየ አንስካ። ሥጋ ስንገዛ ማኅተሙን አይተን አይደል? ባለ ሱቆቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ መርፌ መንደሩን ሁሉ የሚወጋ ሐኪም የለም። በአንድ ኮምፒውተር ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ ደግሞ እነሱ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ከላይ ያልኩትን ሁሉ ብናደርግ፣ ምርጡን ዘበኛ ብንቀጥር፣ በሩን ራሳችን ከከፈትን ዘበኛ ምን ያደርጋል? ይህን ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች የበለጠ ሊያውቅ የሚገባው የለም፤ በራሳችን ላይ የደረሰ ነውና።

በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ የሚባል የምርመራ ተቋም በመጋቢት 2013 ባወጣው ዘገባ፣ የግንቦት ሰባት አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ የሚላክ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም አጋለጠ። ፎቶውን ልታይ ስትከፍት ሰላዩ ይገባል። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች ፋይል ተልኮላቸው ነበር፤ ተቋሙ መርምሮ ሃኪንግ ቲም የሚባል የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም መሆኑን በየካቲት 2014 ዘገበ። የጊዜው መንግሥት አስተባበለ። በሐምሌ 2015 ግን የሃኪንግ ቲም የራሱ ኮምፒውተር ተሰብሮ ደብዳቤዎቹ ለዓለም ሲበተኑ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ደንበኛው እንደነበር ታየ። በታኅሣሥ 2017 ለሦስተኛ ጊዜ፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት በኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ላይ መዋሉን ሲትዝን ላብ ጻፈ። ያኔ ማጥመጃው ምን ነበር? ቪዲዮ ለማየት «አዶቤ ፍላሽን አፕዴት አድርግ» የሚል የውሸት ገጽ። ልብ በሉ፤ ሰላዩ የለበሰው የማሻሻያ ልብስ ነው!

አሜሪካ የሚኖር፣ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የቀረበ አንድ ወገናችንም ነበረ። የሰው አያያዥ ፋይል ከፍቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ ገባበት፤ የቤተሰቡን የስካይፕ ወሬ ሳይቀር ለወራት ተሰለለ። በ2014 ዋሽንግተን ላይ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በመጋቢት 2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥት እዚህ ሊከሰስ አይችልም ብሎ ዘጋው። ስደት ብትሄድ፣ ዜግነት ብታገኝ፣ ኮምፒውተርህ ላይ ለደረሰብህ ነገር ካሣ የምታገኝበት ችሎት ላይኖር ይችላል ማለት ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች ዋጋቸው ብዙ የሆነውም አንቲቫይረስ እንዳያውቃቸው ተደርገው ስለሚሠሩ ነው። ታዲያ «እኔ ማን ነኝና ይሰልሉኛል?» የሚል ይኖራል። ምናልባት አንተን ማንም አይፈልግህ ይሆናል። አጭበርባሪው ግን ይህንኑ መንገድ ተምሮታል፤ ዛሬ የሚላከው የፖለቲከኛ ፎቶ ሳይሆን «የሪሴትልመንት ፎርም»፣ «የካናዳ ስፖንሰርሺፕ ስም ዝርዝር» የሚል ነው። አልቅሰን የምንጠብቀውን ነገር ስም ይጽፍበታል፤ ማን ሳይከፍት ያልፋል? ደግሞስ የአንተ ፍላሽ የአንተ ብቻ አይደለም። ክላይምህ ላይ የምስክሮች ስም አለ፤ ሀገር ቤት የቀሩ ወንድሞችህ አድራሻ አለ። አንተ «ምን ይወስዱብኛል» ስትል የሚወሰደው የእነሱ ነው።

ስለዚህ ከአንቲቫይረስ ምርጫ በላይ ሦስት ነገር ያዙልኝ። ያልጠበቃችሁት ፋይል ከምታውቁት ሰው ስም እንኳን ቢመጣ፣ ደውላችሁ «አንተ ነህ የላክኸው?» ሳትሉ አትክፈቱ። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ለሚሰጠው አገልግሎት ክፍያ አይጠይቅም፤ ቅጽ ልሙላልህና ክፈል የሚል ኢሜይል ሌባ ነው። ማሻሻያም ቢሆን ከመስኮት ብቅ ካለ ማስታወቂያ አይወሰድም። ስልክም እንዲሁ ነው፤ አፕሊኬሽን ከፕሌይ ስቶር እንጂ ከሰው በብሉቱዝ አትቀበሉ።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ባልወጣችው 3,000 ሽልንግ ላይ ተመካከርን። ጥቂቷን አውጥተው አንድ ሁለተኛ ፍላሽ እና ከነማቀፊያዋ አንዲት ኤስ ዲ ካርድ ገዛንበት። የካርዷ ማቀፊያ ጎን ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ ወደ ታች ስትገፋ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ ካርዷን ያነባል እንጂ አይጽፍባትም። ካርድ ማንበቢያ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሲገኝ ቆልፎ መስጠት ነው። ማንበቢያ ለሌለው አንደኛዋ ፍላሽ ትሰጣለች፤ ሁለተኛዋ ግን ከሳጥን አትወጣም፣ የማንም ኮምፒውተር አያያትም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ብለው የለ አባቶቻችን? ይህንን ስነግራቸው ሳቁና «እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን አትጽፉትም?» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ልጨምር የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ አገር ሁሉን ነገር በወረቀት እንድናስረዳ የሚጠይቀን ነው። ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን፣ ለምን እንደተሰደድን የሚናገርልን ያቺ ወረቀት ናት፤ ወረቀቷ ደግሞ ዛሬ ፍላሽ ውስጥ ገብታለች። እንግዲህ ለዚያች ፍላሽ ዘበኛ ስንቀጥር ዋስ እንጠይቅ፣ ቀለቡን እንስጠው፣ በሩን ደግሞ ራሳችን አንክፈት። የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶች፣ የቀኑን ወረቀት ግድግዳችሁ ላይ የምትለጥፉ መጀመሪያው ማን እንደሆናችሁ በዚሁ ገጽ አሳውቁን። ሐሳቤ ያልተዋጠለትም ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ የሁላችንም ነው።

ቸር ይግጠመን።